ከደሴ ተነስቶ የመድኃኒት ኬሚስት መሆን፦ ከ11ኛ ክፍል እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከወሎ ዳርቻ ሁሉ እየመጡ ለብዙ ዘመን የታከሙበት ቤት ነው። የዚህ በሽታ ዋና መድኃኒቶች ሦስት ናቸው፤ ዳፕሶን፣ ክሎፋዚሚን እና ሪፋምፒሲን። ክሎፋዚሚን የሚወስድ ሰው ቆዳው ይጠቁራል። ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሽንቱ ይቀላል። ዳፕሶን ምንም ቀለም ሳያሳይ ባክቴሪያውን ያስርበዋል። ለምን? መልሱ ሞለኪውሎቹ ቅርጽ ላይ ተጽፏል። ያንን ጽሑፍ የሚያነብና የሚያርም ሙያ ሜዲሲናል ኬሚስትሪ ይባላል።

ያደግኩት ደሴ ነው፤ ኬሚስትሪ ተምሬ ዛሬ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎችም ወላጆችም “መድኃኒት የሚሠራ ሰው ለመሆን ምን መማር ይሻላል?” ብለው ይጠይቁኛል። በቃል የምመልሰውን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

1. መጀመሪያ ሙያው ምን እንደሆነ እወቁ

ከእነዚያ ሦስት መድኃኒቶች ሁለቱን እንያቸው። ባክቴሪያው ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ራሱ ይሠራል፤ ለዚህም ፓራ አሚኖ ቤንዞይክ አሲድ የሚባል ጥሬ ዕቃ ያስፈልገዋል። ዳፕሶን ይህን ጥሬ ዕቃ ይመስላል። ፎሌቱን የሚሠራው ኤንዛይም ተታሎ ዳፕሶኑን ይይዛል፤ የፎሌት ሥራው ይቆማል። እኛ ፎሌትን ከምግብ ስለምናገኝ ይህ ወጥመድ አይነካንም። ክሎፋዚሚን ደግሞ ራሱ ቀይ ቀለም ነው፤ ስብ የሚወድ ሞለኪውል ስለሆነ ቆዳና ስብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለብዙ ወራት አይለቅም።

ዳፕሶን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ውስጥ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ስለ ሥጋ ደዌ አላሰቡም ነበር። ለሕሙማን የደረሰው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለብቻው ሲሰጥ ባክቴሪያው እየተላመደው ስለመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 መድኃኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ። ሙያው እንዲህ ነው፦ ሞለኪውል ትሠራላችሁ፣ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን ትከታተላላችሁ፣ ተህዋሲው መንገድ ሲያገኝ ደግሞ ቅርጹን ትቀይራላችሁ። ታካሚ ፊት ለፊት ማየት ብቻ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ሕክምና ወይም ነርሲንግ ይሻላችኋል፤ ይህንን ቀድሞ ማወቅ አራት ዓመት ያተርፋል።

2. በሩን ምረጡ

በአገራችን ወደዚህ ሙያ የሚገባው በሁለት በር ነው፤ በኬሚስትሪ ወይም በፋርማሲ። ሁለቱም ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ አሉ። ኬሚስትሪ ፍሬሽማንን ጨምሮ 4 ዓመት ነው፤ ፋርማሲ 5 ዓመት። ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያስተምረው ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ነገር ነው። እዚያ የምትማሩት አንድን ሪአክሽን ከብልቃጥ አውጥቶ በበርሜል መሥራትን፣ ቧንቧን፣ ሙቀትንና ግፊትን ነው። ስሙ ስለሚመሳሰል ብቻ ሞልተውት ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚደነግጡ ልጆች አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ሰኞ ገበያ አጠገብ አስቆሙኝ። “መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄ ኬሚስትሪ ደረሰኝ ብላ ሌት ተቀን ታለቅሳለች። ፋርማሲ ካልሆነ መድኃኒት አይሠራም ወይ?”

“እትዬ፣ ይሠራል። እንዲያውም ሞለኪውሉን ከባዶ ገንብቶ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ኬሚስቱ ነው” አልኳቸው። ያልኩት እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን እዚህ ልበለው። የኬሚስትሪ ተማሪ ኦርጋኒክን (የካርቦን ውሕዶችን ኬሚስትሪ)፣ ስፔክትሮስኮፒን (ሞለኪውልን በብርሃን መመርመርን) እና የትንተና ዘዴዎችን ከፋርማሲው ጠልቆ ይማራል። ሞለኪውሉ በሰውነት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ግን በራሱ ጥረት ነው የሚያሟላው። የፋርማሲ ተማሪ ሜዲሲናል ኬሚስትሪን በስሙ የተቀመጠ ኮርስ ሆኖ ያገኘዋል፤ ፋርማኮሎጂ (መድኃኒት ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን የሚያጠናው ትምህርት) እና የዕፅዋት መድኃኒት ጥናት አብረው ይመጣሉ፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ሲያልፍም ሥራ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ቤተሰብ የሚጠብቃችሁ ከሆነና ሁለቱንም እኩል የምትወዱ ከሆነ ፋርማሲን ምረጡ እላለሁ። ሌሊት የሚያስነሳችሁ የሞለኪውሉ ነገር ከሆነ ግን ኬሚስትሪ ግቡ፤ ባዮኬሚስትሪን በተመራጭ ኮርስነት ውሰዱ፤ የፋርማኮሎጂ ሃንድአውት ከፋርማሲ ልጆች ተዋሱ። ግቢያችሁ አንድ ከተማ ነው።

3. 11ኛ እና 12ኛ ክፍል

ሁሉንም ምዕራፍ እኩል አታጥኑ። ለዚህ ሙያ የሚከብዱት አራት ናቸው፦ የኬሚካል ቦንድ፣ የአሲድና ቤዝ ሚዛን፣ የካርቦን ውሕዶች፣ ከባዮሎጂ ደግሞ ፕሮቲንና ኤንዛይም። ከሒሳብ ሎጋሪዝምን አትዝለሉ፤ ፒኤች ሎጋሪዝም ነው፣ መድኃኒት ስብ ወይም ውሃ የመውደዱ ልክም ሎጋሪዝም ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፊያ 50 በመቶ ነው፤ ፋርማሲን የሚያስቡ ግን ከዚያ ብዙ ርቀው ማለፍ አለባቸው።

4. ፍሬሽማን

ይህ ዓመት ከኬሚስትሪ ይልቅ የነጥብ ነው። የዲፓርትመንት ምደባ በፍሬሽማን ውጤትና በ12ኛ ክፍል ውጤት ስለሚወሰን ሳይኮሎጂውም፣ እንግሊዝኛውም፣ ጂኦግራፊውም ዋጋ አለው። እንግሊዝኛውን በተለይ ያዙት፤ ከሁለተኛ ዓመት በኋላ የምታነቡት ነገር ሁሉ በእሱ ነው።

5. ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በእጅ ተማሩት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ይዛችሁ ሂዱ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በሽምደዳ ለፈተና ማግስት እንኳ አይቆይም።

በየምሽቱ ሦስት ሪአክሽን በባዶ ወረቀት ላይ ሥሩ፤ ሃንድአውቱን ዘግታችሁ። ለእያንዳንዱ እነዚህን ጠይቁ፦ ኤሌክትሮን የተረፈው የቱ አቶም ነው? የጎደለውስ? ኤሌክትሮኑ ሲሄድ የትኛው ቦንድ ይሰበራል? ተለይቶ የሚሄደው ክፍል ብቻውን ሲቆም ይረጋጋል? የኤሌክትሮኑን ጉዞ በጎበጠ ቀስት ሳሉ፤ ቀስቱ ኤሌክትሮን ካለበት ይነሳል፣ ከሌለበት አይነሳም። ቀስቱን በተቃራኒ የሚስል ተማሪ መልሱን ቢያገኝም አልገባውም። በወር ውስጥ ዘጠና ሪአክሽን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ሪአክሽን ሲመጣ የምታውቁት ሰው ዘመድ ሆኖ ይታያችኋል።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። አሲድና ቤዝ ሳይገባችሁ ወደ ሌላው አትለፉ። ቀጥሎ ሬዞናንስ (ኤሌክትሮኖች አንድ ቦንድ ላይ ሳይወሰኑ መሰራጨታቸው)፣ ከዚያ የሞለኪውል የቦታ አቀማመጥ፣ መተካካትና ማስወገድ የሚባሉት ሪአክሽኖች፣ ከዚያ ካርቦኒል (ካርቦንና ኦክሲጅን በድርብ ቦንድ የተያያዙበት ክፍል)። ካርቦኒል ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆዩ፤ መድኃኒቶች በኤስተርና በአማይድ የተሞሉ ናቸው፤ ሁለቱም ካርቦኒል አላቸው፣ ኤስተር ላይ ከካርቦኒሉ ጋር ኦክሲጅን ይያያዛል፣ አማይድ ላይ ናይትሮጅን። የቆየ የአስፒሪን ጠርሙስ ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ እርጥበት ኤስተሩን ሰብሮ አሴቲክ አሲድ ስላወጣ ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ይህ ከደሴ ይፈጥናል። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ሊዶኬይን አማይድ ነው፤ ከእሱ ቀድሞ የነበረው ፕሮኬይን ኤስተር ስለነበር የደም ኤንዛይሞች ቶሎ ይቆርጡታል፤ የማደንዘዝ ጊዜውም አጭር ነበር። እንዲህ ካያችሁት የትኛው ቦንድ ጠንካራ እንደሆነ ማስታወስ አያስቸግርም።

ሌላ ምሳሌ ከሠፈራችን ልጨምር። ጫት ለምን በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ እርጥበቱን እንደያዘ ይሸጣል? ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን አለ፤ ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ካቲን ይቀየራል። ካቲኖን ላይ ካርቦንና ኦክሲጅን በድርብ ቦንድ ተያይዘው ኬቶን ነበሩ፤ ካቲን ላይ ያው ኦክሲጅን ሃይድሮጅን ይዞ አልኮል ሆኗል። አልኮሉ ውሃ ይወዳል፤ ወደ አንጎል የሚያስገባውን የስብ ግድግዳ ለማለፍ ይቸገራል፤ ስለዚህ ጉልበቱ በጣም ይቀንሳል። ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ነው የተጨመረው። ገበያው ይህን ከላቦራቶሪ በፊት ያውቀው ነበር።

የቦታ አቀማመጥን በወረቀት ብቻ መረዳት ከባድ ነው። የሞለኪውል ሞዴል መግዛት አያስፈልግም፤ ሽንብራ አሳድሩና ስቴኪኒ ሰካኩበት። አንድ ሽንብራ መሃል ይሁን፤ አራት ስቴኪኒ እርስ በርስ በእኩል እንዲራራቁ ስኩ፤ ጫፋቸው ላይ ባቄላ፣ አተር፣ ቦሎቄና የሊጥ ድብልብል አድርጉ። ሌላውን ደግሞ የዚህ የመስታወት ምስል አድርጋችሁ ሥሩ። እንደፈለጋችሁ ብታዞሯቸው አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም፤ ልክ እንደ ቀኝና ግራ እጅ። ይህ ጨዋታ አይምሰላችሁ። ታሊዶማይድ እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ገበያ ላይ ወጥቶ በ1961 ከገበያ እስኪነሳ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ ተወለዱ። ጉዳቱ በዋነኛነት የሚያያዘው ከአንደኛው የመስታወት ምስል ጋር ነው። ጤናማውን ብቻ ለይቶ መስጠትም አያድንም ነበር፤ ሁለቱ ሰውነት ውስጥ አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣሉና። ሽንብራውን በእጃችሁ ይዛችሁ ይህን አስቡት።

6. ላብ ውስጥ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፎ ብዙ ዕቃ አጥቷል። አንድ ሚዛን ለብዙ ተማሪ ሲሆን ወረፋ መጠበቅ ያሰለቻል፤ ቢሆንም ከኋላ ቆማችሁ የሌላውን ሪፖርት አትገልብጡ። እጃችሁ ያልነካው ሙከራ አልሠራችሁትም።

አስፒሪንን ለምሳሌ ልውሰድ፤ ብዙ ቦታ የመጀመሪያው የኦርጋኒክ ሥራ እሱ ነው። 2.0 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ 5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድ፣ ጥቂት ጠብታ ፎስፎሪክ አሲድ። ሙቅ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ካቆያችሁት በኋላ ውሃ ተጨምሮበት በበረዶ ይቀዘቅዛል፤ ነጭ ክሪስታል ይወርዳል፤ ይጣራል፤ ይደርቃል። አንሃይድራይዱ ሳንባና ዓይን ስለሚያቃጥል ሥራው መምህር ባለበት፣ መነጽር ተደርጎ፣ ጭስ መሳቢያ ሥር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ አይሞከርም።

አሁን ስሌቱ። ሳሊሲሊክ አሲድ 138.12 ግራም በሞል ስለሆነ 2.0 ግራም ማለት 0.0145 ሞል ነው። አንሃይድራይዱ 0.053 ሞል ያህል ስለሆነ ከሦስት እጥፍ በላይ ይተርፋል፤ ምርቱን የሚወስነው ሳሊሲሊክ አሲዱ ነው። አስፒሪን 180.16 ስለሆነ ከፍተኛው ምርት 2.61 ግራም ይሆናል። 1.9 ግራም ካገኛችሁ 73 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። ከ100 በመቶ በላይ ካገኛችሁ ክሪስታሉ አልደረቀም ማለት ነው፤ ቁጥሩን ከማስተካከል ይልቅ አድርቃችሁ እንደገና መዝኑ። ከዚያ ትንሽ ክሪስታል ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ አድርጉ፤ ወይን ጠጅ ቀለም ከመጣ ያልተለወጠ ሳሊሲሊክ አሲድ ቀርቷል። የመቅለጫ ነጥቡ 135 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የኛ አገር ተማሪ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ 94 ይጠጋል። መጽሐፉ የኢታኖልን መፍያ 78 ዲግሪ ቢልም ደሴ ላይ ወደ 71 ይወርዳል። “ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል” ብለው የጣሉት ተማሪዎች አሉ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ትክክል ነበር። የመቅለጫ ነጥብ በከፍታ የሚለወጠው ከቁጥር ስለማይገባ፣ የውሕዳችሁን ንጽሕና ስትመረምሩ በእሱ ተማመኑ። ሪፖርታችሁ ላይ ከተማውንና ከፍታውን ጻፉ።

7. ኮምፒውተርና የአምስት ሕግ

ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ፐብኬም የሚባለውን ነፃ የሞለኪውል መዝገብ፣ የፕሮቲኖችን ቅርጽ የያዘውን የፕሮቲን ዳታ ባንክ፣ ሞለኪውል መሳያውን አቮጋድሮንና ሞለኪውል ከፕሮቲን ጋር መግጠሙን የሚገምተውን ኦቶዶክ ቪናን ተለማመዱ። ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ኔትወርኩ ደህና በሆነ ሌሊት አውርዳችሁ በፍላሽ ለጓደኛ አካፍሉ። ከዚያ ክሪስቶፈር ሊፒንስኪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣውን የአምስት ሕግ በእጃችሁ ሞክሩት፦ ሞለኪውላዊ ክብደት ከ500 አይበልጥም፣ የስብ ወዳድነቱ ሎጋሪዝም ከ5 አይበልጥም፣ የሃይድሮጅን ቦንድ ሰጪ ከ5፣ የሃይድሮጅን ቦንድ ተቀባይ ከ10 አይበልጥም። ሁለቱን የጣሰ ሞለኪውል በአፍ ሲወሰድ በደንብ ላይሰርግ ይችላል።

የቦሩ ሜዳዎቹን ሦስቱን አስገቡ። ዳፕሶን 248 ነው፤ ሁሉንም ያሟላል። ክሎፋዚሚን 473 ነው፤ በክብደት ያልፋል፣ የስብ ሎጋሪዝሙ ግን ከ7 በላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ይወድቃል፤ ቆዳውን ለምን እንዳጠቆረ አሁን በቁጥር አያችሁ። ሪፋምፒሲን 823 ነው፤ ሕጉን ይጥሳል፤ ሆኖም ሚሊዮኖች በአፍ ውጠውት ድነዋል። ስለዚህ ሕጉ መንገድ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ኮምፒውተር “ይህ ሞለኪውል ከፕሮቲኑ ጋር ይገጥማል” ስላለ ብቻ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ የሚጽፍ መመረቂያ ጽሑፍም በዚህ ዓይን ይታይ።

8. የመመረቂያ ጥናት

ብዙ ተማሪ አንድ ቅጠል ለቅሞ፣ በሜታኖል ዘፍዝፎ፣ “አልካሎይድ አለ፣ ታኒን አለ” ብሎ ያበቃል። ይህ ጥያቄ የሌለው መልስ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያደረገውን ተመልከቱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያሸጋግሩት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ እንዶዱ ይገድላቸው እንደሆነ ጠየቀ። አረፋውን የሚሠሩት ሳፖኒኖች ቀንድ አውጣውንም እንደሚገድሉ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለ። መነሻው ጥያቄ ነበር።

በእናንተ አቅም የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉ። የወሎ ደጋ ጦስኝ ትኩስ ሲሆንና ጥላ ላይ ሲደርቅ ከመቶ ግራም ስንት ዘይት ይሰጣል? በእንፋሎት በማንጠር ይለካል፤ ዘይቱ ውስጥ ቲሞል የሚባለው ውሕድ መኖሩን በቲን ሌየር ክሮማቶግራፊ (ውሕዶች ስስ ንጣፍ ላይ እየተጓዙ በሚለያዩበት ዘዴ) ከንጹሕ ቲሞል ጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ወይም 500 ሚሊ ግራም የሚል የፓራሲታሞል ክኒን በእርግጥ ስንት ይዟል? የእንግሊዝ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፍ) ከ95 እስከ 105 በመቶ ይፈቅዳል፤ ማለትም ከ475 እስከ 525 ሚሊ ግራም። አልትራቫዮሌት ብርሃን ናሙናው ውስጥ ምን ያህል እንደሚዋጥ በሚለካ መሣሪያ፣ በስፔክትሮሜትር፣ ይሠራል። ውጤቱን ስትጽፉ ናሙናውን በቁጥር ሰይሙት፤ የአንድ ክኒን መለኪያ ይዛችሁ የማንንም ስም አታጥፉ።

ዕፅዋት ከመረጣችሁ በፀሐይ አታድርቁ፤ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን ዝቅ አድርጉ። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባውን አርቴሚሲኒን እ.ኤ.አ. በ1972 ለይታ ያወጣችው ሙቀቱ መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ተረድታ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ስላወጣችው ነው፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ኮምቦልቻ ቆላው ላይ ወባ የያዘው ሰው የሚወስደው አርቴሜተር የዚያ ሞለኪውል ልጅ ነው።

ናሙናውን በአበባውና በቅጠሉ ጨፍልቃችሁ አድርቁና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) አስለዩት፤ የተሳሳተ ዕፅ ላይ የተሠራ ጥናት ከንቱ ነው። ዕውቀቱን ከባህል ሐኪም ካገኛችሁ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቡ፤ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት አለው ይላል። አባባ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ለምን እንደምትጠይቁ ንገሯቸው፣ “ስሙ እንዳይወጣ” ያሉትን አታውጡ።

9. ከምረቃ በኋላ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ነው። የሁለተኛ ዓመት ኦርጋኒክ ደብተራችሁን ያልጣላችሁ እንደሆነ አያስፈራም። ኬሚስት ሆናችሁ ከተመረቃችሁ የኮምቦልቻን የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካዎች የጥራት ላቦራቶሪ አትናቁ፤ መድኃኒት አይሠሩም፣ ግን በትክክል መመዘንን፣ መዝገብ መያዝንና ማሽን መጠገንን ያስተምራሉ። ሁለት ዓመት እዚያ የሠራ ሰው ወደ መድኃኒት ፋብሪካ ወይም ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲያመለክት እጁ የተፈታ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የመድኃኒት ኬሚስትሪ ክፍል አለ። የድጋፍ ደብዳቤ ከምትፈልጉበት ጊዜ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መምህሩ የሚጽፈው እንዲኖረው የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከላብ ደብተራችሁ ጋር ይዛችሁ ሂዱ።